የካፒቴኑ ኮት

«ካፒቴኑ እሁድ ይሞታል አሉ።»

ተረኛዋ ሳጅን ይህን ከጠዋት ጀምሮ ለገባ ለወጣው ሁሉ ስትናገር ውላለች። ለጽዳት ሠራተኛዋ ነግራለች። መታወቂያ ጠፍቶበት ሊያመለክት ለመጣው ሰውዬ ነግራለች። የሰው አጥር ሥር ተኝቶ የተያዘው ሰካራም ሳይቀር በፍርግርጉ በኩል ተነግሮታል፤ እንዲያውም ከልቡ ያዘነው እሱ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሩ ከምሳ ሲመለስ ተራው ደረሰው።

«የትኛው ካፒቴን?» አለ።

«የእኛው ነዋ።»

ኢንስፔክተሩ ቦርጩ ቀድሞት የሚገባ፣ ሐሳቡ ከኋላው ቀስ ብሎ የሚደርስ ሰው ነው። ሐሳቡ አንዴ ከደረሰ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ማንም አያስነሳውም። ኮፍያውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና እስክሪብቶ አወጣ።

«ማነው የሚገድለው?»

«እትዬ ማዕበል።»

«በምን?»

«እስካሁን አልታወቀም። በውሃ ነው የሚሉ አሉ።»

«እና ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ካፒቴኑ እኮ የድራማ ሰው ነው።»

እስክሪብቶው ተመልሶ ኪስ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ጨው ወደብ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ነበር። ጣቢያው ካፒቴኑን ማዕበል መሐል ከተተና «ይቀጥላል» ብሎ ጽፎ ሳይቀጥል ቀረ። ጤነኛው ተመልካች ሁለት ቀን ተናድዶ ረሳው። ያልረሱት ደግሞ ግሩፕ ከፍተው ራሳቸው ይቀጥሉት ጀመር። አንዱ ካፒቴኑን ያድነዋል፣ አንዷ ትድረዋለች፣ ሌላው ሳንባውን ያሳምመዋል። ፋንፊክሽን ይባላል። ከሁሉም በላይ የሚነበበው እትዬ ማዕበል የምትባል፣ መልኳን ማንም የማያውቀው ሴት የምትጽፈው ነው። ስምንት ዓመት የወሰደው ታሪኳ እሁድ ያልቃል።

«የሰው ድርሰት ወስዶ መጻፍ ስርቆት አይደለም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ውሰት ነው። ሁላችንም ታሪካችን ራስጌ ላይ ‹ሰዎቹ የእኔ አይደሉም፤ ተጫውቼ እመልሳለሁ› ብለን እንጽፋለን። ሥርዓት አለን እኮ።»

«‹ሁላችንም›?»

ሳጅኗ ስልክ አነሳች። ዕድለኛ ናት፤ ስልኩ በእርግጥም ጮኾ ነበር። «እሺ» አለች። «ከየት?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነስታ እንደ ሰልፈኛ ቆመች።

«የጥርስ ላቦራቶሪ ነው። በምሳ ሰዓት ላፕቶፕ ተሰርቋል። ሴትየዋ ‹የመጨረሻው ክፍል እሱ ላይ ነው› እያለች ታለቅሳለች።» ኮፍያዋን አጠለቀች። «ጌታዬ፣ እሷ ናት።»

*

በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ባለቤታቸው ያልመጣ የጄሶ አፎች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ድዱ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ጥርስ አብቅሏል፣ አንዱ ምን እንዳስደሰተው እንጃ፣ እስከ መንጋጋው ይስቃል። ሁሉም ነገር ላይ የጄሶ ብናኝ ተነስንሷል። ሁለት የሳቁ አፎች መሐል ግን ብናኝ ያልነካው ጥቁር አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል። ላፕቶፑ እዚያ ነበር።

እትዬ ማዕበል ጥፍሮቿ ሥር ሰም የገባ፣ ነጭ ሽርጥ የለበሰች አጭር ሴት ሆና ተገኘች። ሳጅኗ ስታያት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻት። ኢንስፔክተሩ በክርኑ ጎሸማት።

«ዋጋው ስንት ይሆናል?» ብሎ ጀመረ።

«ዋጋውን ይተዉት። ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ አሮጌ ነው። እኔ የምፈልገው ውስጡ ያለውን ነው።»

«ሌላ ቅጂ የለዎትም?»

«አለኝ እንጂ። ፍላሽ ላይ።»

«ጥሩ። ፍላሹስ?»

«ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ።»

ኢንስፔክተሩ ለደቂቃ ያህል የሚስቀውን አፍ ተመለከተ።

«ይስቁ» አለች ሴትየዋ። «እኔ ቀኑን ሙሉ ለሰው መሳቂያ ስሠራ ነው የምውለው። ሰዉ በእኔ ጥርስ ይበላል፣ በእኔ ጥርስ ይስማል፣ አንድ ቀን ‹ማን ሠራው?› ያለ የለም። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ግን ይጠብቁኛል። እሁድ ብያለሁ። እሁድ ካላወጣሁ ‹እሷም እንደ ጣቢያው ጥላን ሄደች› ነው የምባለው። ከዚያ ሞት ይሻለኛል።»

«ካፒቴኑ ግን ይሞታል?» አለች ሳጅኗ፣ ሳታስበው አምልጧት።

«እሁድ ይታያል» አለች እትዬ ማዕበል። ከዚያ በላይ በጉጠትም አይወጣትም።

የላቦራቶሪው ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ ኢንስፔክተሩን በጣቱ ጠራውና «አትድከሙ» አለ በሹክሹክታ። «የጄሶ ሠራተኛው ነው። ሁላችን ለምሳ ስንወጣ እሱ ብቻ ነው የቀረው። እዩት፣ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም።»

የጄሶ ሠራተኛው ጓዳ ውስጥ፣ ከረጢት ላይ፣ አፉን በመዳፉ ከድኖ ተቀምጧል። ሸበቶ ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ለምሳ ለምን አልወጡም?»

ዝም።

«ዝም ካሉ እኮ ሌላ ነገር ነው የሚመስልብዎት።»

ሽማግሌው በመዳፉ ውስጥ አንድ ነገር አጉተመተመ። እትዬ ማዕበል ናት የተረጎመችው፤ «ጥርሱ ጥገና ላይ ነው» አለች። «ጠዋት ተሰብሮበት እኔው ጋ ነው ያለው። ያለ ጥርስ ሰው ፊት አይወጣም። ምሳውንም እዚሁ ተደብቆ ነው የበላው።» ጠረጴዛዋ ላይ ከተቀመጡት ጥርሶች አንዱን አንስታ አየችው፣ በሽርጧ ጠረገችውና ሰጠችው። ሽማግሌው ዞር ብሎ አፉ ውስጥ አስገባና ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

«ሰው ሲገባ ሰምቻለሁ» አለ ጥርት ባለ ድምፅ። «ልወጣ ብዬ፣ በዚህ አፌ እንዴት ብዬ ተውኩት። ገባ፣ እዚያ መደርደሪያ ጋ ቆመ፣ በሹክሹክታ ‹ይቅርታ ካፒቴን› አለና ሄደ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሹክሹክታ ምን ወንድና ሴት አለው።»

ኢንስፔክተሩ ሐሳቡ ደርሶ ወንበር ሲስብ ተሰማው። ይህ ሌባ የፈለገው ላፕቶፕ አይደለም። «እዚህ እንደሚሠሩ የሚያውቅ የግሩፑ ሰው አለ?» አላት።

«ሁለት ብቻ። አንዷ በግሩፑ ስሟ ቀይ እስክሪብቶ ናት። ጽሑፌን ለሰው ከማውጣቴ በፊት ቀድማ የምታነብልኝና የምታርምልኝ እሷ ናት፤ እዚሁ ከመንገዱ ማዶ መጋረጃ ትሰፋለች። ሁለተኛው አድሚራሉ ነው። እሱ ጠላቴ ነው። አንድ ጊዜ ሊሰድበኝ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ፊት ለፊት ሲያየኝ አፍሮ ጥርሱን አስለክቶ ሄደ።»

*

አድሚራሉ መኪና መንዳት ያስተምራል። አርብ ጠዋት ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ከማሠልጠኛ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። መሪውን የያዘችው ተማሪ ፊቷን ያኮሳተረች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴት ናት። የፈለገ ፖሊስ ይምጣ፣ የከፈለችበትን ሰዓት ለማንም አታካፍልም።

ሳጅኗ ከስልኳ ላይ አነበበች፤ «‹እሁድ ሳይደርስ ጉድ ታያላችሁ። ማዕበል አበቃላት።› ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ አስተማሪው። «ግራ ያዢ። ግራ ማለት በዚህ በኩል ነው፣ እህቴ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ቅዳሜ የራሴን መጨረሻ አወጣለሁ። ካፒቴኑ የጉምሩክ ሹሙን ልጅ ያገባል።»

«ፍቅሩን፣ የወደቡን መብራት ቤት ጠባቂዋን ትቶ?» አለች ሳጅኗ። ከዚያም ወደ ኢንስፔክተሩ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ይሄ ራሱ ወንጀል ነው» አለችው።

«ሐሙስ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እንደማንኛውም የግሩፑ ሰው ድራማ እያየሁ። ሐሙስ ሐሙስ አብረን ነው የምናየው። አድሚኑ ‹አሁን› ሲል ሁላችንም የተባለውን ክፍል በያለንበት እንከፍትና እያየን ኮሜንት እንጽፋለን። ፍሬን። ፍሬን ነው ያልኩሽ።»

መኪናዋ ዘልላ ቆመች። ኢንስፔክተሩ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋር ተሳሳመ።

«አንተ ግን መጀመሪያ ላይ ሦስት ኮሜንት ጽፈህ ጠፋህ» አለች ሳጅኗ። «የተቀረውን ሰዓት የት ነበርክ?»

አስተማሪው ቀላ። ተማሪዋ ናት የመለሰችለት።

«አበባ ውስጥ።»

«የምን አበባ?»

«አደባባዩ መሐል ያለው አበባ። መምህሩ ስልኩን ፊት ለፊቴ ሰክቶ ድራማ ያያል፣ እኔ እነዳለሁ። በኋላ ስልኩ እንደ ጫጩት ይንጫጫ ጀመር፤ ሁሉም ስለ አንድ ኮት ይጮሃል። መምህሩ ‹ኮቱስ? ኮቱስ?› እያለ እንባው ሲወርድ እሱን ሳይ፣ አበባው ውስጥ ነን።»

«አላለቀስኩም» አለ አስተማሪው። «ተናድጄ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወርዶ የመኪናዋን ፊት ተመለከተ። በመብራቱና በመከለያው መሐል አንድ ቀይ አበባ ከነሥሩ ተወትፏል፣ ጠውልጓል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጠንካራ ማስረጃ አይቶ አያውቅም። አድሚራሉን አሰናበተው።

«ኮቱ ምንድነው?» አለ ወደ ጣቢያ ሲመለሱ።

«አይጠይቁኝ» አለች ሳጅኗ። «ገና አልወጣልኝም።»

*

ቀይ እስክሪብቶ አፏን በስፒል ሞልታ የምትናገር፣ ሜትር እንደ ሐብል አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሰፊ ሴት ናት። ሰፊ ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው። እጆቿ እስከ ክርኗ ነጭ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ጄሶ ይሆን ብሎ ቀረብ አለ፤ ጠረጴዛዋ ላይ የልብስ ሰፊ ጠመኔ አየና ሐሳቡን ተወው።

ሳጅኗ ራሷን ስታስተዋውቅ፣ በግሩፑ ስሟ «መልህቅ» መሆኗንም አልደበቀችም።

«አንቺ ነሽ መልህቅ?» አለች ቀይ እስክሪብቶ። «የባለፈው ታሪክሽ አከፋፈቱ ደስ ይላል። የዝናቡ ነገርም ተሳክቶልሻል። ካፒቴኑ ግን አራት ጊዜ ራሱን ይስታል፤ አንዱ ይበቃው ነበር።»

ሳጅኗ አመሰገነች። በግሩፑ ሕግ ሁለት ሙገሳ ሳያስቀድሙ ነቀፋ ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣችው ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ ራሷ ናት።

ውጭ አንድ ጭነት መኪና ቆሟል። ሁለት ተሸካሚዎች የተጠቀለለ መጋረጃ እያወጡ ይጭናሉ።

«የሆቴል ሥራ ነው» አለች። «ጠይቁኝ እንግዲህ።»

«ይህንን የመጨረሻ ክፍል አንብበውታል?»

«አላነበብኩም።» ክር በጥርሷ በጠሰች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ዓይን ሳያልፍ ለሰው ያልወጣ መስመር የለም። ይኼኛውን ግን ‹አንቺም እሁድ ታነቢዋለሽ እታለም› አለችኝ። እንደማንኛውም ሰው።»

«ከፋዎት?»

«እኔ? ጽሑፉ የእሷ ነው።» የስፌት መኪናዋን በእግሯ ረገጠችው፤ መርፌው ጨርቁ ላይ አስፈላጊ ከሆነው በላይ ሮጠ። «ይሞታል ይላሉ። እኔ እንዳትገድለው ስለምናት ነው የኖርኩት። ይሁን።»

«ትናንት በምሳ ሰዓትስ?»

«ሱቄን ዘግቼ እዚሁ ከሁሉም ጋር ድራማውን ሳይ ነበር። ኮሜንቶቼ እዚያው አሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዩአቸው። የኮቱ ትዕይንት ላይማ እንደ ልማዴ አለቀስኩ።»

በዚህ መሐል አንዱ ተሸካሚ ጥግ ላይ ለብቻው ቆሞ የነበረውን ወፍራም ጥቅል ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ቀይ እስክሪብቶ ከወንበሯ ብድግ አለች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ስፒሉ ግን ገና አፏ ውስጥ ነበር። መኪናው ተነስቶ ሄደ። ፊቷ እንደ እጇ ነጭ ሆነ።

«ስፒል ዋጡ?» አለ ኢንስፔክተሩ ደንግጦ።

«አዎ» እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ውሃ አመጡላት።

*

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ቢሮውን ዘጋ። ፊት ለፊቱ የሐሙሱ ክፍል በኮምፒውተር ተከፍቷል፤ ጎኑ ላይ የሳጅኗ ስልክ ከነኮሜንቶቹ አለ። ሐሳቡ ከአስተማሪው መኪና ጀምሮ ተቀምጦ አልነሳም ብሎታል።

«የኮቱ ቦታ ላይ አድርሺኝ።»

ስክሪኑ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ካፒቴኑና የመብራት ቤቷ ጠባቂ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ልጅቷ በስስ ቀሚስ ትንቀጠቀጣለች። ካፒቴኑ ያያታል። የራሱን ኮት እስከ ጆሮው ድረስ ወደ ላይ ስቦ ይቆልፍና ጥሏት ይሄዳል።

ኢንስፔክተሩ ጠበቀ። ትዕይንቱ አለቀ።

«ኮቱን የታለ ያለበሳት?»

ሳጅኗ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። «አላለበሳትም። አንድም ቀን አላለበሳትም። እኛ ሁላችንም ግን እንዳለበሳት እናውቃለን። ማይ ቢሉኝ እምል ነበር። ይህን ክፍል ከስንት ጊዜ በኋላ ትናንት ከፈትነው፤ ኮቱ የለም። ግሩፑ ተበጠበጠ። የተቆረጠ ቅጂ ነው ያሉ አሉ። አድሚኑ ራሱ ዘግቶ ወጣ።»

«ታዲያ ከየት አመጣችሁት?»

«እኔም አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጥርስ ላቦራቶሪው ደወለ። «ካፒቴኑ ኮቱን ለልጅቷ ሲያለብሳት የቱ ክፍል ላይ ነው?» አለ።

«የቱም ላይ አይደለም» አለች እትዬ ማዕበል። «እሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ድራማው ላይ ብርድ ላይ ጥሏት ሲሄድ አናድዶኝ፣ እኔ ጋ አለበስኳት። ምነው?»

«ሰዉ ሁሉ ድራማው ላይ ያለ ይመስለዋል።»

«እውነትዎን ነው?» አለች። ድምፅዋ ጥርስ የሚሠራ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ኮሜንቶቹን ቁልቁል ወረደ። «ኮቱስ?» ይላል አንዱ። «ኮቱ የት ሄደ?» ይላል ሌላው። «እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት?» ይላል ሦስተኛው። «አታላዮች» ይላል አድሚራሉ፣ ከአበባው ውስጥ መሆን አለበት። በዚህ ሁሉ ለቅሶ መሐል፣ በትክክለኛዋ ደቂቃ፣ ቀይ እስክሪብቶ፤

«ኮቱን ሲደርብላት ልቤ ይቀልጣል። ስንቴ ባየው አልጠግበውም።»

«እኛን ልታጽናና ያለችው መስሎን ነበር» አለች ሳጅኗ። ከዚያ አፏን ያዘች።

«ኮሜንት ቀድሞ ጽፎ፣ በኋላ በሰዓቱ በራሱ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«ድራማውን በቃሏ ታውቀዋለች» አለ ኢንስፔክተሩ። «ችግሩ የምታውቀው የእትዬ ማዕበልን መሆኑ ነው።» ኮፍያውን አነሳ።

ሱቁ ተዘግቶ ነበር የጠበቃቸው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ቀይ እስክሪብቶ ሱቋን ስትከፍት ደጃፏ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ኢንስፔክተሩ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጥቁሩን አራት ማዕዘን አነሳ፣ ሽማግሌውን አነሳ፣ የመንጃ አስተማሪውንና አበባውን ዘረዘረ፣ ኮሜንቶቹን አነበበ፣ ኮቱን መጨረሻ ላይ አስቀመጠ። ቀይ እስክሪብቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችው።

«አከፋፈትዎ ጥሩ ነው» አለች። «ኮቱን ለመጨረሻ ማቆየትዎም ብልህነት ነው። መሐሉ ግን ተንዛዝቷል። አስተማሪው ለምን ገባ? ቢወጣ ምንም አይጎድልም።»

«እትዬ፣ በስርቆት እየከሰስኩዎት እኮ ነው።»

«ገብቶኛል። አስተያየት ነው።» ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «አልሰረቅኩም። ሰኞ ልመልሰው ነበር። እሁድ እንዲያልፍ ብቻ ነው የፈለግኩት። ቀኑ ካለፈ ትቀዘቅዛለች፣ እለምናታለሁ፣ ልቧ ይራራል ብዬ።»

«ከፍተው አነበቡት?»

«እንዴት ብዬ? ሞቶ ባገኘውስ? እስካልከፈትኩት ድረስ አልሞተም።»

«የት ነው አሁን?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ጥቅል መጋረጃ ውስጥ ደብቄው ነበር። ትናንት እናንተ ፊት ጭነውት ሄዱ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሆቴሉ ጋ ደውዬ ምን ልበል?»

ሆቴሉ ሲደርሱ አስተናጋጇ ወደ ምድር ቤት ላከቻቸው። የልብስ አጣቢው ትልቁ ማሽን አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«አዲስ መጋረጃ ሳናጥብ አንሰቅልም» አለ። «ውሃ ይሰበስበዋል፣ በኋላ ያጥራል። ቀጥታ እንደመጣ ነው የከተትኩት። ሲዞር ጓ ጓ ይላል፤ መቼም መጋረጃ ጫማ አያደርግም ብዬ ሳቆመው…»

ላፕቶፑ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ተቀምጧል። የጄሶ ብናኝ የሚባል የለበትም። በሕይወቱ እንዲህ ነጽቶ አያውቅም። ፍላሹ ከጎኑ ለሁለት ተከፍሏል።

*

እትዬ ማዕበል ጣቢያ መጥታ የላፕቶፑን ክዳን ከፈተች። ውሃ ፈሰሰ። ዘጋችው። ከዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውን ቀይ እስክሪብቶን አየቻት።

«ለምን እታለም?»

«እንዳይሞት።»

«ይሞታል ያለሽ ማነው?»

«ሁሉም ነው ያለው።»

ሳጅኗ ጣሪያው ላይ አንድ የምታየው ነገር አገኘች።

እትዬ ማዕበል የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ጥርሷ ሲፋጭ ተሰማ። «ክሱን ትቼዋለሁ» አለች ለኢንስፔክተሩ። «ጊዜ የለኝም። እሁድ ብያለሁ።» በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «እንዲሞት አይደል የምትጠብቁት? እሺ።»

ቀኑን ሙሉ በላቦራቶሪው ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጻፈች። እሁድ ቃሏን ጠበቀች። ታሪኩ ራስጌ ላይ፣ በግሩፑ ሥርዓት መሠረት፣ «ማስጠንቀቂያ፦ ሞት አለው» የሚል ነበረ። ካፒቴኑ ሰመጠ። ኮቱ ብቻ ወደ ወደቡ ተንሳፍፎ መጣ፤ የመብራት ቤቷ ጠባቂ አውጥታ ጨመቀችውና ለበሰችው። ከዚህ የበለጠ ነገር ጽፋ አታውቅም። አድሚራሉ ራሱ ሁለት ሙገሳ ጽፎ ነቀፋውን ተወው። ኢንስፔክተሩ ወጥ ቤት ቆሞ በስልኩ አነበበና ለባለቤቱ ጉንፋን እንደያዘው ነገራት።

ቀይ እስክሪብቶ ከሁሉም በኋላ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፤ «አላልኩም?»

ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት ሻይ የሚጠጡት መንገዱን መሐላቸው አድርገው፣ በየግላቸው ነው።

*

በሳምንቱ የኮምፒውተር ጠጋኙ ደወለ። ኢንስፔክተሩ ላፕቶፑን ወስዶ የሰጠው «ለማንኛውም» ብሎ ነበር፤ እሱም ዲስኩን አውጥቶ አድርቆት፣ ውስጡ ያለው ተርፏል። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ የተፈታቱ ስልኮች ሞልተዋል።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለች ሳጅኗ ፋይሉ እስኪከፈት። «ያ ወሬ… እኔ ነኝ። ግን ‹ይሞት ይሆን?› ነው ያልኩት እንጂ ‹ይሞታል› አላልኩም። በማግሥቱ ከሌላ ሰው ‹እሁድ ይሞታል አሉ› ተብሎ ሲመጣ፣ ይኸው ሌላ ሰውም ሰምቷል ብዬ አመንኩ።»

ኢንስፔክተሩ ዞሮ አያት። ብዙ የሚላት ነገር ነበረው፤ ሐሳቡ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

«ተከፈተ» አለ ጠጋኙ፣ ስክሪኑንም ወደ እነሱ አዞረው።

«ይህ ክፍል ለቀይ እስክሪብቶ ነው» ይላል የመጀመሪያው መስመር። «ቀድማ እንድታነበው ያልሰጠኋትም ለዚህ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳልገድለው ለመነችኝ።»

ከሥሩ ታሪኩ ይጀምራል፦

«ካፒቴኑ ከባሕሩ ወጣ። ኮቱ ብቻ ነበር የራሰው።»